ሽማግሌ የተላከበት ድልድይ

ፀደንያ ከድልድዩ ወለል ሥር በገመድ በተንጠለጠለ ሳንቃ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ፣ እያንዳንዱን እንጨት በወስፌ እየወጋች ነበር። የወስፌው ጫፍ ብቻ ገብቶ ከቆመ እንጨቱ ጤነኛ ነው። እስከ እጀታው ከሰመጠ በስብሷል። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ጊዜ ወግታ ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው የሰመጠው። ውሃ ላይ መቶ ሃምሳ ዓመት ለቆመ ነገር ይህ የሚያኮራ ውጤት ነው፤ ፀደንያ ግን በእንጨት የምትኮራ ሰው አልነበረችም። ቁጥሩን ጻፈችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ከላይ የጫማ ኮቴ መጥቶ ልክ ከፊቷ በላይ ቆመ። በሳንቃዎቹ ክፍተት አቧራ ዓይኗ ውስጥ ተራገፈ።

«አንቺ፣ አልጨረስሽም?»

ማን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም።

«ጋሽ ይድነቃቸው፣ ዞር ይበሉልኝ። አቧራው ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው።»

«ይግባ! በዚሁ እንኳ ዕንባ ይውጣሽ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ! የታመመ ሰው ስትወጊ ብትውዪ ሐኪም እንልሽ ነበር። አንቺ የሞተ ግንድ ትወጊያለሽ።»

«የሞተ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ እላዬ ላይ ወድቀው ነበር።»

ይድነቃቸው እግሩን አንስቶ ወለሉን ረገጠው። አቧራው እንደገና ወረደ። ከዚያ ኮቴው እየራቀ ሄደ።

ድልድዩ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በስተሰሜን፣ ሆሊስ ክሪክ በሚባል ወንዝ ላይ ያለ፣ ጣሪያና ግድግዳ ያለው የእንጨት ድልድይ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ወንዝ ላይ የተገተረ ጎተራ ይመስላል። አንድ ባለ ወፍጮ የዱቄት ጋሪዎቹን ለማሻገር አሠራው። አናጢዎቹ መጀመሪያ እንጨቱን ሁሉ ሜዳ ላይ ገጣጥመው፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ በመሮ ቁጥር ቀረጹበት፤ ከዚያ ፈትተው በቁጥሩ መሠረት ወንዙ ላይ አቆሙት። ወፍጮው ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቁጥሮቹ አሁንም ይነበባሉ። በመከር ወቅት ሰው እየመጣ ፎቶ ይነሳበታል። ብዙዎች ጣሪያው መንገደኛውን ከዝናብ ለማስጠለል የተሠራ ይመስላቸዋል። አይደለም። ጣሪያው የተሠራው ለእንጨቱ ነው። ዝናብ ያልነካው ተሸካሚ እንጨት መቶ ዓመት ያልፋል፤ ዝናብ የነካው አሥራ አምስት ዓመት ከቆየ ጥሩ ነው።

ከወንዙ ማዶ ያለው ብቸኛ ሕንፃ አሮጌ የጸሎት አዳራሽ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የአማርኛ ወንጌላውያን ቸርች ገዛው። ይድነቃቸው የቸርቹ የግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። የፀደንያ እናት ውባንቺ ደግሞ ቸርቹ በሰው ሳሎን ውስጥ ሲጀመር ከነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች አንዷ ናት።

ድልድዩ መግቢያ ላይ «ከሦስት ቶን በላይ ክልክል» የሚል ምልክት ተተክሏል። ባለፈው ሚያዝያ፣ እሁድ ረፋድ ላይ፣ የይድነቃቸው ባለቤት አበዛሽ በጸሎት መሃል ወደቀች። አምቡላንሱ ምልክቱ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ በላይኛው መንገድ መጣ። አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ። አበዛሽ አልሞተችም። ግን ቀኝ እጇ አይታዘዛትም፤ የባሏን ስም ለመጥራትም ደጋግማ መሞከር አለባት።

ከዚያ እሁድ ወዲህ ይድነቃቸው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ጎተራ ፈርሶ በምትኩ ኮንክሪት እንዲገባ። የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ የቸርቹን ማመልከቻ ተቀብሎ፣ ድልድዩን መርምሮ ሪፖርት እንዲያቀርብ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ የኢንጂነሪንግ ቢሮ ቀጠረ። ቢሮው ሥራውን የሰጣት ለፀደንያ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከእንጨት ጋር የምትሠራ ኢንጂነር እሷ ብቻ ነበረች።

ሪፖርቷ አጭር ነበር። ድልድዩ ጤነኛ ነው። ከወለሉ ሥር ሦስት የብረት ተሸካሚዎች ቢገቡ አምቡላንስም የእሳት አደጋ መኪናም ይሻገርበታል። ብረቱ ወለሉን የተሸከመውን አሮጌ የእንጨት ቅስት አይነካም፤ ከውጭም አይታይም። በመጪው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ያልቃል። ኮንክሪት ግን ከነፈቃዱ አራት ዓመት ይፈልጋል። ይህንን ለይድነቃቸው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነግራዋለች።

«አራት ዓመት እጠብቃለሁ» ብሏት ነበር። «ይህ እንጨት ግን ሚስቴን ሲያስጠብቅ አይቼዋለሁ። ቆሞ ማየት አልፈልግም።»

«ታዲያ ጉዳዩ የአምቡላንስ አይደለማ። በቀል ነው።»

«አዎ፣ በቀል ነው። አንቺ ምን አገባሽ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም።

መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ፀደንያ ላንግሊ ፓርክ ወዳለው የእናቷ አፓርታማ ገባች። ሳሎኑ መሃል ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሶፋው ባዶ ነው። እናቷ ግድግዳ ተደግፋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ፀዲ፣ እባክሽ፣ በመጀመሪያ አስቀምጫቸው።»

ፀደንያ ወዲያው ገባት። ሽማግሌ ሲላክ የመጣበት ጉዳይ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም፤ ውሃም አይቀምስም። ለጋብቻ ሲሆን እንዲህ ሲደረግ አይታለች። ለኢንጂነሪንግ ሪፖርት ሲሆን ግን የመጀመሪያዋ ነው።

የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ልሳነወርቅ ነበሩ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከስፕሪንግፊልድ ድረስ ሰው እየነዳ አምጥቷቸዋል። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፦

«ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ። የመጣነው ወንድማችን ይድነቃቸው ልኮን ነው። ቤቱ አዝኗል። ያንን ወረቀት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለወጥ ብታደርጊው፣ ድልድዩ አርጅቷል ብትዪ፣ ሁሉም ሰላም ይሆናል። እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።»

«ይቁሙ እንግዲህ።»

«ፀደንያ!» አለች እናቷ።

«ምን ልበል፣ እማዬ? አላረጀም። ከሁለት መቶ አሥራ ስድስት ቦታ በላይ ወግቼዋለሁ። አርጅቷል ብዬ ብፈርም የሥራ ፈቃዴን፣ ላይሰንሴን ነው የማጣው።»

«እኛ ስለ ላይሰንስ አናውቅም» አሉ ከሁለቱ አንዱ። «እኛ የምናውቀው አበዛሽን ነው።»

«እኔም አውቃታለሁ። ስወለድ ገንፎ ያገነፋችው እሷ ናት። ሪፖርቱን የጻፍኩት አምቡላንስ እንዲያልፍ ነው። የማይሰማኝ እሱ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ባሉበት ቆሙ። ፀደንያ ወደ ኩሽና ገብታ ሩዝ አሙቃ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ፊታቸው በላች። እናቷ በኀፍረት ልትሞት ደረሰች። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ ሆነ። የጋሽ ልሳነወርቅ ግራ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሱሪያቸው ነፋስ እንደሚመታው ይርገበገባል። እሳቸው ግን ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ።

ፀደንያ ሹካዋን አስቀመጠች። ወንበር ጎትታ ከኋላቸው አቀረበችና ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

«ይህ ለጉዳዩ አይደለም። ለጉልበትዎ ነው።»

«እሺ ሳትዪን?»

«እሺ አላልኩም። አልልምም። ውሃ ይጠጡ።»

ጠጡ። ሁለቱ ግን እስከ መጨረሻው ቆመው ወጡ። ከወጡ በኋላ እናቷ በሩን ዘግታ፦

«ለቢሮሽ እንዳትነግሪ። ሽማግሌ አዋረደች፣ ከዚያ ደግሞ ከሰሰች እንዳይሉሽ።»

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሪፖርቱን ከማስረከቧ በፊት፣ እንደ ደንቡ አንድ ቅጽ መሙላት ነበረባት። «ከባለጉዳዮች መካከል ከሥራ ውጭ ያገኘዎት ወይም ያነጋገረዎት አለ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ፀደንያ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ረጅም ጊዜ አየችው። አለ ብትል ማብራሪያ ይጠየቃል። ሦስት ሰዎች እናቴ ቤት መጥተው ሐሳቤን እስክለውጥ ቆሙ ብላ ልትጽፍ ነው። በእንግሊዝኛ ይህ ማስፈራሪያ ነው። በአማርኛ አክብሮት ነው። እሷ ሁለቱም ነው ብላ ታምናለች፤ ለሁለቱም የሚሆን ሳጥን ግን አልነበረም። ደግሞስ እምቢ ብላቸው የለ? የሚንቀጠቀጠው ሱሪ ትዝ አላት። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ፈረመች። ከዚያ ወንበር ሌላ፣ በዚህ ሥራ ላይ ለማንም ያደረገችው ብቸኛ ደግነት ይህ ነበር።

የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ሆነ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ። አዳራሹ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ የቸርቹ ሰዎች፣ በቀኝ ራሳቸውን የድልድዩ ወዳጆች ብለው የሚጠሩ፣ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቲሸርት የለበሱ የሠፈሩ አዛውንቶች። ከፊት አምስት የካውንቲው ቦርድ አባላት። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል።

ፀደንያን ሁለቱም ወገን ሰደባት። ከአረንጓዴዎቹ አንዷ ብረት ማስገባት አያትን በሽቦ እንደ ማሰር ነው ብላ አለቀሰች። ይድነቃቸው ደግሞ ተነስቶ በእንግሊዝኛ፦ «ይህች ኢንጂነር እንጨት ስትወጋ አይቻለሁ። ሰው ስትጠይቅ አላየሁም» አለ። ከዚያ አበዛሽን ከተቀመጠችበት በክንዷ ደግፎ አስነሳት። የተሰጣቸው ጊዜ እስኪያልቅ ቆመች። ቦርዱ ወረቀት ማገላበጡን አቆመ። ፀደንያ አበዛሽን ላለማየት ሰዓቷን አየች። ቢሆንም የምርመራው ቁጥር ለፀደንያ ይመሰክር ነበር፤ ቦርዱም ያንን ያውቃል። አለቃዋ አጠገቧ ሆኖ «አልፈናል» ብሎ ጻፈላት።

የመጨረሻው ተናጋሪ ጋሽ ልሳነወርቅ ሆኑ። በአማርኛ እንደሚናገሩ አስታወቁ። ካውንቲው የቀጠራት አስተርጓሚ ሳራ ማስታወሻዋን ይዛ አጠገባቸው ቆመች። እሳቸው ግን እስኪጨርሱ አላቆሙላትም።

«እኔ የመጣሁት ይህችን ልጅ ለማመስገን ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ሰደባት። እውነቱን ልናገር። ባለፈው ወር ሦስት ሆነን እናቷ ቤት ለሽምግልና ሄደን ነበር። ወረቀቱን እንድትለውጥ ለመንናት። እሺ ካላልሽ አንቀመጥም አልናት። አርባ ደቂቃ አቆመችን! ፊታችን ሩዝ በላች! እኔን ብቻ ጉልበቴን አይታ አስቀመጠችኝ፤ ውሃ ሰጠችኝ። ግን እሺ አላለችም። ቤቴ ሄጄ አሰብኩ። ሽማግሌ ለምኗት ያልዋሸች ልጅ ለማን ትዋሻለች? እሷ የመረመረችውን ድልድይ እኔ እሻገረዋለሁ። ወንድሜ ይድነቃቸው፣ ይቅር በለኝ፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ።»

በግራ በኩል ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። በቀኝ በኩል ያሉት ገና ምንም አልሰሙም፤ አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዷ ከረሜላ ትፈታለች። የይድነቃቸው ፊት አመድ መሰለ። ከዚህ አገር ቢሮዎች ጋር ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ስለሆነ ንግግሩ ምን እንደሚያስከትል ገብቶታል። ዞር ብሎ ፀደንያን አያት። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አሰቡ።

ሳራ ማስታወሻዋን አየች። ፀደንያን አየች። ሥራዋ የሰማችውን ማለት ነውና አንዲት ቃል ሳትቀንስ በእንግሊዝኛ ተናገረችው።

የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽሯን አወለቀች። ከፊቷ ካለው ክምር ቅጹን አውጥታ አነሳችው።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

ፀደንያ ብዙ ነገር ማለት ትችል ነበር። ዘመድ ናቸው፣ ባህል ነው፣ እምቢ ብያለሁ ማለት ትችል ነበር።

«የእኔ ነው» አለች።

ሪፖርቱ ከመዝገብ ወጣ። የቸርቹ ማመልከቻም፣ መርማሪ ለማግባባት ስለተሞከረ፣ ተመለሰ። አዲስ መርማሪ እስኪቀጠር፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ፣ የሦስት ቶኑን ልክ የሚያረጋግጥ ሪፖርት የለምና ድልድዩ ለማንኛውም መኪና ተዘጋ። አረንጓዴዎቹ አጨበጨቡ። ያጨበጨቡት ለምን እንደሆነ ፀደንያ ሊገባት አልቻለም።

መኪና ማቆሚያው ላይ አለቃዋ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። ፀደንያ ከድልድዩ ሥራ ተነሳች፤ ከባለጉዳዮቹ ማንንም እንዳታነጋግር የሚል ደብዳቤም ደረሳት። ለሁለተኛ ጊዜ ቢደገም ላይሰንሷ ይታያል ይላል።

ኅዳር ላይ ከባድ ዐውሎ ነፋስ መጣ። በማግስቱ ፀደንያ ወደ ሥራ መሄዷን ትታ ወደ ሆሊስ ክሪክ ነዳች። ነፋሱ ከድልድዩ ጣሪያ አራት ቆርቆሮ ነቅሎ ወስዷል። የተነቀለው ልክ ከሰባተኛው መጋጠሚያ በላይ ነው፤ አሮጌዎቹ አናጢዎች በመሮ ቁጥር የቀረጹበት፣ ቅስቱ ወለሉን የሚሸከምበት ቦታ። ውሃው በቁጥሩ ላይ እየወረደ ነው። ከነገ ጀምሮ ውርጭና ዝናብ እየተፈራረቀ እስከ ሚያዝያ ቢገባበት፣ አዲሱ መርማሪ ወስፌውን ሲሰካ እስከ እጀታው ይሰምጣል። ያኔ ይድነቃቸው ልክ ይሆናል። የበሰበሰ ድልድይ ደግሞ ብረት አያድነውም።

ካውንቲው ጋ ደወለች። ጉዳዩ በሂደት ላይ ስለሆነ እስከ ምርመራው ድረስ ጥገና የለም አሏት። አረንጓዴዎቹ ጋ ደወለች። ደብዳቤ እንጽፋለን አሏት።

ስልኳን ኪሷ ከትታ ስፕሪንግፊልድ ሄደች። በመጀመሪያው ጊዜ ሕጉን የጣሰችው ማንንም አይጎዳም ብላ ነበር። አሁን የደብዳቤውን ማስጠንቀቂያ እያወቀች ጣሰችው።

ጋሽ ልሳነወርቅ በር ላይ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ተቀበሏት፤ ቤት ውስጥም ከእጃቸው አይለዩትም መሰለኝ አለች በሆዷ።

«ልጄ፣ ያን ቀን አጠፋሁ?»

«አጠፉ።»

«ለማመስገን ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። ባያመሰግኑኝ ይሻለኝ ነበር።» አልተቀመጠችም። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው የመጣሁት።»

«ወደማን?»

«ወደ ይድነቃቸው። የድልድዩ ጣሪያ ተቀዷል። ቅዳሜ የቸርቹን ወንዶች ይዞ ሸራ ያልብሰው። ሸራ ጥገና አይደለም፤ ማንም አይከሳቸውም።»

አዛውንቱ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በባርኔጣው ሸፈኑ። «እሱ? ይህን ድልድይ? በክብሪት ቢሆን ይመጣ ነበር።»

«ከበሰበሰ እኮ ለእሱም መንገዱ ለዓመታት ይዘጋል። አበዛሽ በየእሁዱ በላይኛው መንገድ ልትዞር ነው? ይህንን ይንገሩት።»

«እሺ ካላለኝስ?»

«አይቀመጡ። ቆመው ይጠብቁ።»

«ጉልበቴስ?»

«ጉልበትዎን አይቶ ነው እሺ የሚለው።»

«አንቺ ክፉ ልጅ ነሽ» አሉና ካፖርታቸውን ከመስቀያው አወረዱ።

ይድነቃቸው ቤት አንድ ሰዓት ከሩብ እንደቆሙ ፀደንያ በኋላ ከእናቷ ሰማች። ወንበር ያመጣላቸው አልነበረም። እሺ ያለው አበዛሽ በግራ እጇ የባሏን ክንድ ይዛ፣ ሦስቴ ሞክራ፣ «ይድነቃቸው፣ ሰውዬው ሊወድቁ ነው» ካለችው በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀደንያ ከመንገዱ መዝጊያ ወዲህ መኪናዋን አቁማ ወረደች። ስድስት ወንዶች ሁለት መሰላል አቁመዋል። ይድነቃቸው ራሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሰማያዊ ሸራ ይወጥራል። ሲያያት መዶሻውን አወዛወዘ።

«ለአንቺ መስሎሽ እንዳይሆን!»

«ለእኔ ከሆነ ይውረዱ!»

«ለሽማግሌው ነው! ሚያዝያ ላይ ይፍረስ ብዬ እከራከራለሁ፣ ስሚኝ!»

«ይከራከሩ! እኔም እመጣለሁ። አሁን ኢንጂነራቸው አይደለሁም፤ ሕዝብ ነኝ። ሦስት ደቂቃ አለኝ!»

ከመሰላሉ ሥር ያለው ሰው ሳቀ፤ ይድነቃቸው ሲገላምጠው ወደ መሰላሉ ዞረ። ፀደንያ ሸራዎቹን ለአፍታ አየች። ሁለት ነበሩ። የታችኛው ከላይኛው ላይ ተደርቧል።

«ገልብጣችሁታል!» ብላ ጮኸች። «የላይኛው ነው ከታችኛው ላይ መደረብ ያለበት! እንዲህ ከሆነ ውሃው በመሃል ይገባል! ቆርቆሮ አልብሰው አያውቁም እንዴ?»

ይድነቃቸው ጣሪያው ላይ ሆኖ ቀና አለ። ከሃያ ጫማ ከፍታ በአማርኛ ሰደባት፤ እሷን፣ ቢሮዋን፣ ዲግሪዋን፣ ባለ ወፍጮውን ከነዱቄቱ። ረጅም ስድብ ነበር። ሲጨርስ ወደ ሸራው ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታው፤ ከታችኛው ጀምሮም እንደ አዲስ አሰረው።